ሱቅ ሲነሣ ገበያው እንዳይቀር

ከተማን ማደስ መልካም ሥራ መሆኑ አይካድም። ከበርበራ ወደብ ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ በቶጎጫሌ ላይ ቢሰፋና ዳርቻው ቢጸዳ አስመጪውም ላኪውም ይጠቀማል።

ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ የታየው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ምትክ ቤት ያገኘ ነዋሪ ማደሪያ አያጣም፤ ነጋዴ ግን ደንበኞቹን ከዕቃው ጋር ጭኖ ሊወስድ አይችልም። የቶጎጫሌ ባለሱቅ እንጀራው ከጉምሩክ ጣቢያውና ከከብት ገበያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚያ ከራቀ የዱቤ መዝገቡ እንኳ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ካሣው በግንቡና በቆርቆሮው ብቻ ከተገመተ፣ ባለቤቱ ሲካስ በኪራይ የሚነግደው ሰው ባዶ እጁን ይወጣል።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ሲያወጣ ቀኑን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ተከራይ ነጋዴዎችንም ይመዝግብ፤ አሮጌው ገበያ ሳይፈርስ ምትኩን በአቅራቢያው ያዘጋጅ። ነጋዴዎችም የንግድ ፈቃዳቸውን፣ የግብር ደረሰኛቸውንና የኪራይ ውላቸውን አሟልተው ይያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የተበተነ ገበያ በቀላሉ አይሰበሰብምና።