ለሚያፈርሰው ማን ያስብለት?

ፋብሪካ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ንግግር ይደረጋል። ሲፈርስ ግን የሚጠራ የለም። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ስንት መጋዘንና ፋብሪካ ተተክሏል፤ አንዳንዱም አርጅቶ ይፈርሳል፤ ቆርቆሮው ይሸጣል፤ ብረቱም እየተቈረጠ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ከብረቱ ሥር የሚቆመው ሰው ማነው?

በዚህ ዓመት ትምህርት ሲጀመር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ቃሊቲ ወርደን የታመሙ ጎረቤቱን ጠየቅን። ሰውየው የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው አባቴን ያህላል። የአሮጌ መጋዘን ጣራ ሲያወርዱ ደግፎ የያዘው ብረት አስቀድሞ ተቈርጦ ኖሮ፥ የጣራው ብረት ከነቆርቆሮው ወርዶ እግራቸውን ሰበረው። ያሠራቸው ሰው የመጀመሪያውን ቀን የሕክምና ገንዘብ በደላላው እጅ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

«ታዲያ ለምን አይከሱም?» አልኳቸው፥ እንደ ዐዋቂ።

«ማንን ልክሰስ ልጄ? እኛ የምናውቀው ደላላውን ነው። የአሠሪውን ስም ማን ይነግረናል?»

መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ። ሕጉ ክፉ አይደለም። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው ወይም ሰክሮ ካልመጣ በቀር፥ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። ለ3 ወር ሙሉ ደመወዝ፥ ለቀጣዩ 3 ወር ከመቶ 75 የማያንስ፥ ከዚያም ለ6 ወር ከመቶ 50 የማያንስ ይከፈላል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ይህ ሁሉ ግን አሠሪው ከታወቀ ነው! ደላላው ወደ ኮንትራክተሩ፥ ኮንትራክተሩ ወደ ብረት ገዢው፥ ብረት ገዢው ወደ ባለንብረቱ ጣቱን ይቀስራል።

ማፍረስ ዕውቀት አይፈልግም የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር ዲድኮት በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2016 ሊፈርስ ይዘጋጅ የነበረ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ሳይታሰብ ተንዶ 4 ሠራተኞች ሞቱ፤ የሦስቱ አስከሬን ከስድስት ወር በላይ ከፍርስራሹ ሥር ቆየ። መሐንዲስና ማሽን በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፥ በመዶሻና በገመድ የሚያፈርሰውማ ምን ይሁን? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው 167ኛ ስምምነቱ፥ አደገኛ የሆነ የማፍረስ ሥራ አስቀድሞ እንዲታቀድና ችሎታ ባለው ሰው ቁጥጥር ብቻ እንዲካሄድ ደንግጓል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ብረት ምን አገባው ብላችሁ ትሥቁ ይሆናል። ሣቁ፤ እኔ የምጠይቀው አንዲት ሰሌዳ ነው። ሕንፃ እንዲፈርስ የሚፈቅደው ክፍል፥ የአሠሪው ስምና አድራሻ፥ ሥራውን የሚቆጣጠረውም ባለሙያ ስም በበሩ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ካልተሰቀለ በቀር ፈቃዱን አይስጥ። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችንም በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ አቃቂ ወርደው ማመልከቻ ቢጽፉ ከፈተና ጥናታቸው የሚጐድል ብዙ አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ ደግሜ ሄጄ ነበር። ሰውየው በራፋቸው ላይ በርጩማ አስወጥተው፥ እግራቸውን ዘርግተው፥ አሁንም ደላላውን ይጠብቃሉ።