«አመዳይ» የሚለውን ቃል መልሱልን

«በረዶ» የምትባለው ቃል ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች። የገብሱን ዛላ የምታረግፈው እርሷ፣ በትርጉም ልቦለድ ውስጥ እንደ ጥጥ ብናኝ በዝምታ የምትወርደው እርሷ፣ እዚህ መተማ በሐሩር ቀን ለስላሳ የምናቀዘቅዝባትም እርሷው። የባንክ ሥራ ያስለመደኝ አመል ይሁን እንጃ፣ ሦስት ሒሳብ በአንድ ስም ተመዝግቦ ሳይ ማለፍ አይሆንልኝም።

ቃሉ ግን ጠፍቶን አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ንጣትን ሊገልጡ የመረጡት «አመዳይ»ን ነው። በጠራ ሌሊት ባቄላውን የሚያቃጥለውን ደግሞ ደገኛው «ውርጭ» ይለዋል፤ ከደጋ በላይ ላለው አገርም ስሙን ሰጥቶታል።

«እናንተ ቆላዎች ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ናት፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፣ እኛ በላብ ስንጠመቅ በዚያው በጎንደር ምድር የመንገደኛ ጣት ይደነዝዛል። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተረፈልን የአክሱም ንጉሥ ተከዜን (ጽሑፉ ዓባይ ይለዋል) ተሻግሮ ስሜንን ሲወጋ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ እንደ ነበረ ይተርካል።

ዛሬ በስሜን የሚጥለው ቶሎ ይቀልጣል፤ እንደ አልፕስ ተራሮች ተከምሮ አይናድም። ተርጓሚዎቻችን የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። «በረዶ ወረደበት» ሲሉን ጠጠሩ ይታየናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ በአሮጌው አመዳይ ላይ አዲሱ ይነባበራል፤ በመካከል ያለው ደካማ ንጣፍ የአንድ መንገደኛ ክብደት ሲያርፍበት ይከዳል፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለው ተዳፋትም እንዳለ ይንሸራተታል።

ስለዚህ «የአመዳይ ናዳ» ይባል እላለሁ። ናዳን ለእኛ አንባቢ ማንም አያስተምረውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች በጭቃ ናዳ ሲያልቁ፣ ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። የአልፕስ አዳኝም አካፋውን ከማንሣቱ በፊት ሽቅብ ወደ ተዳፋቱ የሚያየው ለዚሁ ነው። «በረዶ ወረደ» ተብሎ የተተረጎመለት አንባቢ፣ ሰውዬው ለምን ሽቅብ እንዳየ ከየት ያውቃል?