ፕሪሚየም ናፍጣ፦ የዋጋው ልዩነትና የሚያስገኘው ጥቅም

በአውሮፓ በርካታ የነዳጅ ማደያዎች ሁለት ዓይነት ናፍጣ ለገዢው ይቀርባል። አንዱ መደበኛው ሲሆን ሌላው በየኩባንያው ልዩ ስያሜ የተሰጠውና ዋጋው ከፍ ያለው ፕሪሚየም ናፍጣ ነው። በጀርመን አራል የተባለው ኩባንያ ምርቱን «አልቲሜት»፣ ሼል ደግሞ «ቪ-ፓወር» በማለት ይሸጡታል። ለልዩነቱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ተሽከርካሪዎችን ለሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ቀላል የማይባል የበጀት ጉዳይ ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ መደበኛው ናፍጣ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለተሽከርካሪ የሚሸጥ መደበኛ ናፍጣ ኢኤን 590 የተሰኘውን ደረጃ ያሟላል። በደረጃው መሠረት ነዳጁ በሞተር ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል የሚያመለክተው የሴቴን ቁጥር ከ51 ማነስ የለበትም። የሰልፈር መጠኑም እ.ኤ.አ በ2000 ከሚሊዮን 350 እጅ የነበረው በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ደግሞ ወደ 10 እንዲወርድ ተደርጓል። በመሆኑም አነስተኛውን ዋጋ የሚከፍለውም ገዢ ንጹሕ ነዳጅ ያገኛል፤ ሞተሮቹም የሚሠሩት በዚሁ ነዳጅ እንዲንቀሳቀሱ ታስቦ ነው።

ፕሪሚየሙ በዚህ ላይ ከፍ ያለ የሴቴን ቁጥር እንዲሁም ኢንጀክተርን የሚያጸዱና ዝገትን የሚከላከሉ ኬሚካሎችን ይጨምራል። አራል የምርቱ ሴቴን ቁጥር ቢያንስ 60 መሆኑን ይገልጻል። በብርድ ጊዜ ሞተር በቀላሉ እንዲነሣና ድምፁ እንዲለዝብ ማገዙ አይካድም። ይሁንና የሴቴን ቁጥር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን የኃይል መጠን አይለካም። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡም ይህንኑ ያሳያል። ለአብነት መደበኛው በሊትር 1.60 ዩሮ፣ ፕሪሚየሙ 1.84 ዩሮ ቢሸጥ ልዩነቱ 15 በመቶ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና ወጪውን ለማካካስ ፍጆታው ከ7 ሊትር በታች መውረድ ይኖርበታል። ጤናማ በሆነ ሞተር ላይ ይህን ያህል ቅናሽ ከነዳጅ ለውጥ ብቻ መጠበቅ ከንቱ ነው። በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ለዚህ መኪና ተጨማሪው ወጪ 384 ዩሮ ይደርሳል።

መልሱ ግን በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በአሜሪካ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የሴቴን ቁጥር 40 በመሆኑ የተሻለ ናፍጣ የሚያመጣው ለውጥ በአውሮፓ ከሚታየው ይልቅ ሊጎላ ይችላል።

በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች እ.ኤ.አ ከጥር 2015 ጀምሮ የናፍጣ ሰልፈር ከሚሊዮን 50 እጅ እንዳይበልጥ ወስነዋል። ማደያ ላይ የሚጨመር ኬሚካል ሰልፈርን ከናፍጣ ሊያስወግድ ስለማይችል ዝቅተኛውን ደረጃ ከፍ ማድረግ የመንግሥታት ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል። በኬንያ ከሞምባሳ የሚነሣው ናፍጣ ለተለያዩ ኩባንያዎች በአንድ የቧንቧ መስመር ወደ ናይሮቢ ስለሚተላለፍ፣ በማደያዎች የሚታየው የምርት ልዩነት በአመዛኙ ኋላ ላይ ከሚጨመረው ኬሚካል የሚመጣ ነው። አገሪቱ ይበልጥ ያሳሰባት ርካሽ ኬሮሲን ከናፍጣ ጋር መቀላቀሉ ነበር። ኬሮሲን የማለስለስ ባሕርይው አነስተኛ በመሆኑ የናፍጣ ፓምፕን ያለ ጊዜው ያስረጃል። ኬንያ እ.ኤ.አ በ2018 በኬሮሲን ላይ ልዩ ቀረጥ የጣለችው ቅልቅሉ ትርፍ እንዳያስገኝ ለማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ ነጭ ናፍጣ የሚሸጠው መንግሥት በሚወስነው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢወሰንም የጭነት መኪናዎችና በርካታ የመስክ ተሽከርካሪዎች ዛሬም በናፍጣ ይንቀሳቀሳሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የስምሪት ኃላፊዎች ሊቆጣጠሩት የሚችሉት ናፍጣው ከቦቴ ወደ ጋን፣ ከጋን ወደ መኪና ሲተላለፍ ውኃና ባዕድ ነገር እንዳይገባበት ማድረግን፣ በማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ማፍሰስንና ማጣሪያውን በወቅቱ መለወጥን ነው። ውኃ የገባበትን ኢንጀክተር ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከማጣሪያ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።