ማመጣጠን ወይስ ማስመሰል?

እዚህ ፀዳ አብራችሁን ለምትማሩ፣ በጎንደርም በሌላም ሥፍራ በዚያው ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ጓደኞቻችን ሁሉ!

አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ ኬሚካዊ እኩልታ ማመጣጠን እንችላለን፤ ግን አናውቀውም። ገና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ «ኢኩዌሽኑን ባላንስ አድርጉ» በተባልን ቁጥር እርሳሳችንን እንነክሳለን፤ ግራውን እንቆጥራለን፤ ቀኙን እንቆጥራለን፤ ከፊት ሁለት ወይም ሦስት እንለጥፋለን፤ እኩል ሲመጣ እንገላገላለን። የምርጫ ጥያቄ ከሆነማ ምን ችግር አለ! አራቱን መልስ በየተራ እያስገቡ መሞከር ነው። ነጥቡ ይገኛል። ምን ከምን ጋር ተዋሐደ? ወዴት ሄደ? ምን ያህል ቀረ? ይህን የጠየቀን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ከዚህም እንብሳለን። ሁለት ሞለኪውል ሃይድሮጅን ከአንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሁለት ሞለኪውል ውሃ መስጠቱን ትተን፣ «ኦክስጅን ጎደለ» እንልና ከውሃው ሥር ትንሿን ቁጥር እንጨምራለን። ቆጠራው ልክ ይመጣል። ውሃው ግን ውሃ መሆኑ ቀረ፤ ቁስል የሚታጠብበት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሆኖ አረፈው! የፊቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የሥሩ ቁጥር ማን እንደሆነ ይናገራል። የባለዕዳውን ስም ለውጦ መዝገቡን የዘጋ ሒሳብ ሹም ምን ይባላል? እኛንም እንደዚያው በሉን።

«ታዲያ ምን አገባን? ፈተናው ይለፍ እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኛም ብለን ነበር፤ ያ ብርድ እስኪመጣ ድረስ። ከመካከላችን አንዱ፣ በዚሁ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ በተከራየው ክፍል የከሰል ማንደጃ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ተኛ። «ከሰሉ እኮ ጭስ የለውም» ብሎ። ሌሊት አከራያችን ማቃሰቱን ሰምተው በሩን ባያስገነጥሉት ኖሮ ይህን ጽሑፍ አብሮን ባላረቀቀ ነበር። ሲነጋ እትዬ ተቆጡን። «እናንተ ተማርን ባዮች! ከሰል ውጭ ሳይቀላ ቤት ይገባል እንዴ?» አሉን። አንገታችንን ደፋን።

ነገሩ እኮ ደብተራችን ላይ ነበረ! አየር ሲበቃ አንድ አቶም ካርቦን አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ያገኛል። አየር ሲያጥር ግን ሁለት አቶም ካርቦን አንዱን ሞለኪውል ይካፈላሉ፤ ለ12 ግራሙ ካርቦን 16 ግራም ብቻ ይደርሰዋል፤ የሚወጣውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል በበረታ ኃይል ይያያዛል። ጓደኛችን ያቺን «ሁለት» ከካርቦኑ ፊት በገዛ እጁ ጽፏታል። ምን እንደምትል ግን አላነበባትም። የእትዬም ደንብ ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ የቀላ ከሰልም በተዘጋ ቤት ያንኑ ጋዝ ያወጣል። እሳቸው ልማዱን ያለ ምክንያቱ ያዙ፤ እኛ ምልክቱን ያለ ትርጉሙ ያዝን። ልዩነቱ፣ እኛ በዚህ ዲግሪ ልንቀበልበት ነው!

ሌላም እንጨምር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው። 100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ 56 ግራም ኖራ ይቀራል። 18 ግራም ውሃ ሲጠጣ 74 ይሆናል። ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ያንኑ 44 ግራም ከአየር ቀስ በቀስ ይወስዳል፤ 18ቱን ግራም ውሃ ይመልሳል፤ እንደገና 100 ግራም ድንጋይ! አንዲት ግራም አልጠፋችም። በእኛ ደብተር ግን እነዚህ ሦስት እኩልታዎች «ድሮም ባላንስድ ናቸው» ተብለው ታለፉ። የሚለጠፍ ቁጥር የላቸዋ! ፈረንሳዊው ላቮዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ነገር ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። እዚያ የደረሰው ደግሞ ሚዛን ይዞ እንጂ እርሳስ ነክሶ አይደለም።

መምህራንን ብቻ ከሰን አናመልጥም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሲሆኑ አገር ጮኸ። በወደቁት ተጮኸ። ያለፉትስ ምን ይዘው አለፉ? ይህን ማን ጠየቀ? በእንግሊዝኛ «ሪአክታንት»፣ «ፕሮዳክት» እያልን እናነበንባለን፤ «እስቲ ለእናትህ ንገራት» ሲሉን ምላሳችን ይተሳሰራል። በዚህ ጽሑፍ አንድም ፎርሙላ ያላስገባነው ሆን ብለን ነው። በቃል ሊነገር የማይችል እኩልታ ገና አልገባንም ማለት ነው።

ስለዚህ በየጥናት ቡድናችን ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ያመጣጠንነውን እኩልታ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው ሳንነግር ገጽ አንግለጥ። ሁለተኛ፣ አቶም ቆጥረን አንቁም፤ ግራሙንም እናስላ፤ ግራና ቀኙ በሚዛንም ይተካከል። ሦስተኛ፣ ይህ ነገር በኛ ቤት የት አለ እንበል፤ በምድጃው? በጠላው ጋን? በኖራው ግድግዳ? መልሱን ያላገኘ መምህሩን ይጠይቅ፤ መምህሩም ካላገኘው አብረን እንፈልግ። ነውሩ አለማወቁ አይደለም፤ ነውሩ የሚያውቅ መምሰሉ ነው።

ዛሬ ማታ ግን ሁሉን ትታችሁ አንዱን አድርጉ። ከሰሉን ከምትተኙበት ክፍል አውጡ። ለምን እንደሆነም ለጎረቤታችሁ አስረዱ። ያን ጊዜ አመጣጠናችሁ እንላችኋለን!