ከድንኳኑ በፊት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ደስ ባይልህም አንድ እውነት ልንገርህ። እኛ ለሞተ ሰው እንቸኩላለን፤ በሕይወት ላለው ግን እንዘገያለን።

እኔ የአሊዩ አምባ ሰው ነኝ። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ ያለች፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴው ከታጁራ ግመሉን እየነዳ ይገባባት የነበረች የገበያ ከተማ ናት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ ተማምኖ ኖሯል። በገበያ የተማመነ ሰው በችግር ቀን መተዛዘን እንዴት ያቅተዋል? ሲያቅተው ግን አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኔ ቤት ደረሰ። ከአጥሬ ማዶ ያለው ሸማኔ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ የመወርወሪያው ድምፅ ከጠፋ ሰንብቷል። እንጀራ ቆርሰን፣ ጠላ ቀድተን ስለ አብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ስንጫወት፣ አንዱ «ለዚያ ሰው ምን እንላክለት?» ቢል፣ «ማኅበርተኛ አይደለም፤ ሃይማኖቱም ሌላ ነው» ተባለ። እኔም ባለቤቱ ዝም አልሁ። ሰውየው ሲሞት ግን ሁላችን ወጣን፤ ድንኳን ተከልን፤ እህል አዋጣን። ምነው ያ እህል ሁለት ሳምንት በቀደመ!

«የማኅበሩ ገንዘብ ጥቂት ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው የተራበ ሕዝብ ቢያዩ፣ ለበረከት የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ወላጅ የሌላቸውን 2 ሕፃናትም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተ ሰብ ቢቃወማቸው ልጆቹን አልተዉም፤ ቤታቸውን ተዉ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው የተጠራውን ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትተው ነው። ታዲያ በምን ገንዘብ ጀመሩ? በአንድ ዳቦ አይደለምን?

ማኅበርን አፍርሱ አልልም፤ እድርም ሙት መቅበሩን አይተው። ነገር ግን ደጋሹ እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት «ዛሬ ጭስ ያልወጣበት ቤት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ድርሻ ወደዚያ ቤት ይሂድ። ሃይማኖቱን ግን አይጠይቅ፤ ረኀብ ሃይማኖት የለውም።

አንተም ወጣት ሆይ፣ ነገ ማኅበርተኛ ትሆናለህና፣ ያን ጥያቄ አንተ ጠይቅ። እንደ እኔ ዝም አትበል።