“ነጻ ማስተርስ” እና የአክስቴ ልጅ

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ የልጇ ወሬ ተነሳ። በዲቪ አሜሪካ ሄዳ፣ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትደረድር ከርማ፣ ከዚያ የአሜሪካ ምድር ጦርን የተቀላቀለችው ልጅ ናት። አሁን ወታደርም ናት፣ የማስተርስ ተማሪም ናት።

“መታደል ነው፤ መንግሥት በነጻ ያስተምራታል” አሉ አንዷ ጎረቤት። ሌላዋ ደግሞ “ዲግሪዋን ይዛ እንዴት ወታደር ትሆናለች!” ብለው አፋቸውን ያዙ። እኔ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። እዚያ የዋጥኩትን እዚህ ልናገረው።

እስቲ “ነጻ” ከምትለዋ ቃል እንጀምር። የአሜሪካ ጦር በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ሲማር ለአንድ ክሬዲት እስከ 250 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ እስከ 4,500 ዶላር ይከፍልለታል። ካልኩሌተር አውጡ። ማስተርሱ 36 ክሬዲት ቢሆንና ዩኒቨርሲቲው ለአንዱ ክሬዲት 600 ዶላር ቢያስከፍል፣ የሚጎድለው 12,600 ዶላር ነው። በዚያ ላይ በማስተርስ ደረጃ ከ“ቢ” በታች ያመጣ ወታደር የተከፈለለትን መልሶ ይከፍላል። እኛ እዚህ “ሲ” ስናመጣ “ተመስገን፣ አለፍን” ብለን ማኪያቶ እንገባበዝ ነበር።

“ታዲያ ጂ አይ ቢል የሚሉትስ?” ትሉኝ ይሆናል። እሱ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሩዝቬልት የፈረሙት በ1944 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአሁኑ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ነው። ሙሉ መብቱን ያገኘ ሰው የ36 ወር ትምህርት ይከፈልለታል። የአክስቴ ልጅ ግን ልትነካው አልፈለገችም። ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ተጨማሪ አራት ዓመት ለማገልገል ከፈረመ መብቱን ለልጁ ማስተላለፍ ይችላል። እሷ ገና ላልወለደችው ልጅ እያስቀመጠች ነው።

ትልቁ ክፍያ ግን ዶላር አይደለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስፖርት ላይ ናት። ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ ማታ ላፕቶፕ። ለልምምድ ሜዳ ስትወጣ ኢንተርኔት ስለማይኖር አሳይመንቷን ቀድማ ትልካለች። ይህን ሁሉ አድርጎ የመጣን ዲግሪ “ነጻ” ማለት ግፍ ነው።

ወደ ሁለተኛዋ ጎረቤት ልምጣ። እኛ ዘንድ ወታደር ማለት ትምህርት እምቢ ያለው ሰው ነው። ይህን አመለካከት ሻንጣ ውስጥ ከተን አሜሪካም ወስደነዋል። እዚያ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ተራ ወታደር መሆን ይችላል፤ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልጅቷ የአዲስ አበባ ዲግሪዋን ይዛ ከታች ጀመረች። ይህ ውድቀት አይደለም፤ ሕጉ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን “እኔም ገብቼ ልማር” ይላል። እሱንና እሱን መሰሎችን ልንገራችሁ። ለዲግሪው ብቻ ብላችሁ ከሆነ አትግቡ። የምትፈርሙት ለትምህርት አይደለም፤ ለውትድርና ነው። ግዴታው ተጠባባቂነቱን ጨምሮ በጠቅላላው ስምንት ዓመት ነው። ጦርነት ቢመጣ “ሴሚስተሩ ይለቅ” አይባልም። ውትድርናውን ራሱን አስባችሁበት ከገባችሁ ግን ያንን የትምህርት ገንዘብ ተኝቶ እንዲቀር አታድርጉት። ሲቪል ሆኖ በብድር የሚማረው ጓደኛችሁ የማያገኘው ዕድል ነው።

እኔ? በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ጀምሮ “ማስተርስ ልጀምር ነው” እላለሁ። ምክንያቴ ሁሌም “ጊዜ የለኝም” ነው። ባለፈው ማታ የአክስቴ ልጅ “አንቺስ መቼ ነው የምትጀምሪው?” ብላ ጻፈችልኝ።

እስካሁን አልመለስኩላትም።