ባንኮክን አይተን ቤተልሔምን ያላየን



ለንግድ ባንኮክ የሚመላለሱ ወንድሞች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ገብተው የቀረጹትን ቪዲዮ እየተቀባበልን እናያለን። መነኮሳቱ በማለዳ ሳህን ይዘው ምግብ ሲቀበሉ፣ ጎብኚው ደጃፍ ላይ ጫማ ሲያወልቅ እንገረማለን። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ የወጣን ልጆች ግን የጋይንቷ ቤተልሔም ምን እንደሆነች ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ ካልተመሰከረለት መምህርነቱ ምሉዕ አይባልም። ኢጃዛ ማለት ይኸው አይደል እንዴ! የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ነው። የቆሎ ተማሪው ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ ወሎ ውስጥ በዳናና በጌታ የቀሩ ደረሶቻችንም ከወላጅ ርቀው፣ ሕዝቡ በሰጣቸው እህል ነው ኪታብ የጨረሱት።

ሃይማኖቱ አንድ ነው እያልን አይደለም። በተውሒድ ድርድር የለም። ቤተ ክርስቲያን ስለመግባት ዑለሞች የተለያየ ሐሳብ አላቸውና ዑስታዞቻችሁን ጠይቁ። እኛ ግን ለማወቅ የሄደ እንግዳ አምልኮ ፈጸመ አይባልም ባዮች ነን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የነጅራን ክርስቲያኖችን በመስጂዳቸው እንዳስተናገዱ በሲራ ተዘግቧል። ሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 40 ደግሞ ገዳማትንና ቤተ ክርስቲያናትን ከመስጂዶች ጋር አብሮ ያነሳል።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. እስቴ ላይ መስጂዶች ተቃጥለዋል። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ደግሞ ከዓባይ ማዶ ሞጣ ላይ ተደገመ። አጥፊ በሕግ ይጠየቅ ማለታችንን አንተውም። ግን እንዲህ ያለ እሳት በአሉባልታ ይቀጣጠላል፤ አሉባልታ ደግሞ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ጋ ቶሎ ይታመናል። በገበያና በለቅሶ እንገናኛለን፤ ስለ እምነታችን ግን እነሱም እኛም የምናውቀው ከስልክ የለቀምነውን ነው።

«የተቃጠለብን እኛ፣ ጎብኚም እኛ?» የሚል ይኖራል። ቅሬታው ተገቢ ነው። ሆኖም ቀድሞ የሄደ ሰው ለመጋበዝ አፍ ያገኛል፤ የኔታውን «እርስዎም መስጂዳችንን ይዩልን» ማለት ይችላል።

የምትሄዱ ካላችሁ የንግሥ ቀን አትምረጡ። የኔታውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ። ጫማ እዚያም ይወለቃል። ለተማሪዎቹ ስንቅ መያዝ የፈለገ ሥጋ አይያዝ፣ የእኛን እርድ አይበሉም። ዳቦና ቆሎ ይበቃል፤ ጾም ከሆነ ግን ዳቦውን ቅቤ እንዳይነካው።